በእጅ የቀሩ ፊደላት

አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፣ ሀዋሳ። ይህ ሰው ምን ይወድ ነበር መሰላችሁ? ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት! ከነትርጉማቸው ደብተር ላይ ይጽፋቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራን ክበብ ሄዶ ስክራብል፣ ያን ፊደል እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ፣ ሲጫወት ያወጣቸዋል። «ማግናኒመስ ማለት ልበ ሰፊ» እያለ ሲተነትን አጠገቡ መቀመጥ እንዴት ያሰለቻል! ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ከሰናይት ጋር ገጠመ። «ኤክስኪዚት» የሚለውን ቃል ሊሠራ ቋመጠ፤ እጅግ ውብ ማለት ነው። ኪው አለችው፣ ዩ አለችው፤ ኤክስ ብቻ ጎደለችው። ተራው ሲደርስ «ልለፍ» ይላል። አሁንም «ልለፍ»። ሰናይት በሁለት በሦስት ፊደል ቃል እየሠራች ፊደሎቿን ጨረሰች።

ሕጉን ታውቃላችሁ? ጨዋታው ሲያልቅ እጅህ ላይ የቀረው ፊደል ከነጥብህ ይቀነሳል። እንደ ኪው ያለ ውድ ፊደል ሲሆን ደግሞ ብዙ ይቀነስብሃል።

«መምህር፣ ያቺን ኪው ለማን አስቀምጠዋት ነው?» አለችው እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ታላቅ እህቱ ትዝ አለችው፣ እትዬ ስመኝ። እናታቸው ስትሞት የራሷን ትምህርት አቋርጣ እሱን ያስተማረች እሷ ናት። ቤቱን ሠርቶ ሲጨርስ ዘመድ ሰብስቦ ካባ ሊያለብሳት፣ ንግግር ሊያደርግላት አስቦ ነበር። ያ ቀን እስኪደርስ ግን አንድም ጊዜ አላመሰገናትም። ያን ሰሞን እትዬ ስመኝ ዲላ ታማ ተኝታለች፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡም።

ከክበቡ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደ። ዲላ ደርሶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እትዬ፣ እኔን ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። አመሰግንሻለሁ» አላት። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እጁን ያዘችው። «እኔ እኮ ባልተማረች እህትህ የምታፍር ነበር የሚመስለኝ» አለችው። «ተመስገን! ይህን ሰማሁ።»

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ፣ በሕይወት ሳለች ደረሰ! ስንቶቻችን ነን ሳንደርስ የቀረነው? ስንቶቻችን ነን ቀብር ላይ አሳምረን የተናገርነው?

ጌታንስ? ምስክርነት ለመስጠት ታላቅ ተአምር የምትጠብቁ፣ ዛሬ ጠዋት በእግራችሁ ቆማችሁ አልመጣችሁም? ልጆቻችሁ ደህና አላደሩም? እስቲ ለዚህ ማን አመሰገነ?

አሁን አንድ ሰው ወደ ልባችሁ መጥቷል፣ አይደል? እናት፣ ባል፣ የድሮ አስተማሪ። ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ አሁኑኑ! እኔ ስብከቴን አቁሜያለሁ፤ ውጡና ደውሉ።