የኔታ ጃርትና አራቱ ነገዎች

በጎርፎ ሸለቆ እያንዳንዱ እንስሳ ቦታውን ያውቅ ነበር። አንበሳ ይገዛል፤ ጅቦች ወንዙን ይጠብቃሉ፤ ባለ ኮቴው ሁሉ ተራው ሲደርስ ይጠጣል። ተራው የማይደርሰውም ነበር፤ እሱም ቢሆን ቦታውን ያውቃል።

ከገደሉ አናት ላይ የሸለቆው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነበር። ጡት የተዉ፣ መርዛማውን ቅጠል ከደጉ መለየት የቻሉ ግልገሎች እዚያ አራት ክረምት ተቀምጠው የነፋስን ጠረን፣ የዱካን ንባብና የከርሰ ምድር ውሃ ፍለጋን ይማራሉ። የመምህራኑ አንጋፋ የኔታ ጃርት ነበሩ። እሾሃቸው በእርጅና ሳስቷል፤ ያስተማሯቸውን ግን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ቀበሮን ነበር። ዱካ በማንበብ የሚስተካከለው ስላልነበረ ትምህርቱን እንደጨረሰ የአንበሳ አማካሪ ሆኗል፤ የኔታም ስሙ በተነሳ ቁጥር ደረታቸው ይነፋ ነበር።

ዝናብ ሁለት ዓመት ቀረ። ተመራቂዎች ውሃ ያገኛሉ፤ ባገኙት ውሃ ላይ ግን በማግስቱ ጅብ ተቀምጦበት ይገኛል። እናቶች “ታዲያ አራት ክረምት ምን ሊያደርግላቸው?” እያሉ ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ቀበሮ ገደሉን ወጥቶ መጣ።

“የኔታ፣ የሚመጣውን ማንም አያውቅም” አለ። “አንድ ነገ ብቻ ከምንጠብቅ አራት ነገ እናስብ። ይህ ትምህርት ቤት ከሃያ ክረምት በኋላ ምን ሊሆን ይችላል? ሁሉም ተሰብስቦ የመሰለውን ይናገር። ጌታችን ፈቅደዋል።”

“የመሰለውን ሁሉ?”

“ሐሳብ እኮ ነው የኔታ። ባልሆነ ነገር ማን ይከሰሳል?”

የኔታ አመኑት። በየጎሬውና በየቁጥቋጦው ዞረው፣ ለሚፈሩት ሁሉ “ዋሳችሁ እኔ ነኝ” እያሉ ጉባኤውን ሰበሰቡ።

ቀበሮ አቧራው ላይ አራት መስመር አሰመረ። በመጀመሪያው ነገ ዝናቡ ይመለሳል፣ ግልገሉም ገደሉን ይሞላል፤ ማንንም ስለማያስቀይም ሁሉም ቶሎ ተስማማ። በሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ይበተንና እያንዳንዱ ወገን በየጫካው ያስተምራል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጉባኤው ጸጥ አለ። ሁሉም የሚያስበው ነበረው፤ የሚናገር ግን ጠፋ። በመጨረሻ እመት ድኩላ ተነሣች። ልጇ እዚያው የሦስተኛ ክረምት ተማሪ ነበረች።

“እኔ የሚታየኝ ነገ፣ ውሃን ያገኘ የሚጠብቅበት ነው” አለች። “ልጄ ውሃ ማግኘት ተምራለች። ያገኘችውን መጠጣት ግን አልተማረችም፤ ይህ ትምህርት እዚህ አይሰጥም።”

ከርከሮ ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ትምህርት ቤቱ አለቃውን ራሱ ሲመርጥ፣ ተመራቂዎች ወንዙን በፈረቃ ሲጠብቁ እየታያቸው ተናገሩ። ቀበሮም ፈገግ እያለ ጻፈ።

“አራተኛውን፣ ክፉውን ነገ፣ እርስዎ ይንገሩን የኔታ። እንድንጠነቀቅ።”

የኔታም ልባቸው ተከፍቶ ነበርና ነገሩት። “ክፉው ነገ ግልገሎች በር ላይ በጥርሳቸው የሚለዩበት ነው። ሥጋ በሊታው ዱካ ማንበብ ይማራል። ባለ ኮቴው ሰልፍ መያዝ ብቻ።”

“ከየት ይጀመራል? የትኛው መምህር ቀድሞ ይባረራል? ወላጆች ዝም እንዲሉስ ምን ይነገራቸዋል?”

የኔታ ተማሪያቸው እንደ ድሮው ጥሩ መጠየቁ ደስ አሰኝቷቸው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በቂ መልስ ሰጡ።

ወሩ ሳይሞላ ቁራ በሸለቆው ላይ እየበረረ አዋጅ አሰማ። “በመምህራኑ ጥናት መሠረት” ይላል አዋጁ፤ የቀረው ከጥርስ ልየታው እስከ ወላጆች ማባበያ ድረስ የየኔታ ቃል ነበር። ስማቸውም ከግርጌ ሰፍሯል። እመት ድኩላ ደግሞ በዚያው ጠዋት ተይዛ ወደ አንበሳ ዋሻ ተወሰደች። ክሷ “ወዳልመጣ ዘመን ያለ ፈቃድ መግባት” የሚል ነበር።

የኔታ ቀበሮ ዘንድ ሄዱ። ቀበሮም አልተደበቃቸውም።

“ሦስቱ ነገዎች ምኞት ነበሩ የኔታ። መንገድ የነበረው የእርስዎ ብቻ ነው።”

“እንድትጠነቀቁ ብዬ እኮ ነው የነገርኩህ!”

“ተጠነቀቅን እኮ። አንዲት ስሕተት አልሠራንም።”

የኔታ ያንን ፊት ትክ ብለው አዩት። ከግልገልነቱ ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ አሁንም ያው ፊት ነው። ያንገበገባቸውም ይኸው አለመለወጡ ነበር። ወደ ዋሻው ወጡና አንበሳ ፊት ቆሙ።

“ጌታዬ፣ የእመት ድኩላ ዋስ እኔ ነኝ። እሷን ይልቀቁና እኔን ይያዙ።”

አንበሳ መዳፉን መላሱን ሳያቋርጥ ሰማቸው።

“ዋስ ተመልሶ ለሚመጣ ነው” አለ። “አንተ ደግሞ ታስፈልገናለህ። ከነገ ጀምሮ ርእሰ መምህሩ አንተ ነህ።”

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰልፍ ቆመ። ሁለት ጅቦች የግልገሎቹን አፍ እየከፈቱ ጥርስ ያያሉ። የድኩላዋ ልጅ ከሰልፏ ወጥታ የኔታ አጠገብ ደረሰች።

“የኔታ፣ እናቴ እዚያ ጉባኤ ላይ ምን ብላ ነው የወሰዷት?”

የኔታ ጃርት የእመት ድኩላን ንግግር ቃል በቃል ያስታውሱታል። ጅቦቹም የከፈቱትን አፍ እንደያዙ፣ ጆሯቸውን አቁመው ወደ እሳቸው ዞሩ።