እግር ያወጣው ቤት

አንድ ሸማኔ ከዶርዜ ተነሥቶ ከሚስቱና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሩቅ አገር ገባ። ስሙ ዋገሾ ይባላል። ጓደኞቹ በከተማው በወዲያኛው ጫፍ ሥራ ያዙ፤ እሱ ግን ወንዙ ዳር ቀረ። ከአገሩ ይዞት የመጣውን የቀርከሃ ችግኝ ተክሎ ስምንት ዓመት ጠበቀ። ከዚያም በአባቱ ደንብ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ሰንጥቆ፣ ራሱ ሸምኖ ረጅም የቀርከሃ ቤት ሠራ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቤት ታይቶ አይታወቅም፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ዋገሾ ግን አንዱንም "ግባ" ብሎ አያውቅም።

ከጓደኞቹ ሁሉ የልቡ ሰው ኦይቻ ነበር። የኦይቻ እናት አገር ቤት ሞቱና መርዶ መጣ። ዋገሾ የሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። "ሰልስቱ አልፎ በምን ፊቴ እሄዳለሁ?" አለና ቀረ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት፣ ዓመቱም አሥራ አንድ ዓመት። መቼም የእኛ ሰው ነገር! ለቅሶ ያልደረሰለትን ወዳጅ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል እንጂ ጠጋ ብሎ "አልሰማሁም ነበር" አይልም። ኦይቻን ከማፈሩ የተነሣ ሌሎቹንም ሸሸ። ጎረቤቶቹንማ "ባዕድ ምን ያደርግልኛል" ብሎ ከመጀመሪያው ትቷቸዋል።

በሃያኛው ዓመት ክረምቱ በረታ። ወንዙ ዳርቻውን እየገመሰ በየቀኑ ወደ ቤቱ ቀረበ። ዋገሾ በእርምጃ ቢለካው ስድስት እርምጃ ቀርቷል። ሌላ ቤት እንዳይሠራ ቀርከሃው አልቋል፣ ዕድሜውም ገፍቷል። ያለው መላ አንድ ብቻ ነው። በአገሩ ምስጥ የቤት ሥር ሲበላ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሰው ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያኖረዋል።

"ይህን ለማንሣት ስልሳ ሰው ያስፈልጋል" አላት ለሚስቱ። "እኔና አንቺ ሁለት ነን።"

"ኦይቻን ጥራው።"

"በምን አፌ?"

"አፍህማ ምግብ ሲቀርብ መቼ ጠፍቶህ ያውቃል! ተነሥ!"

ሄደ። በሩን ሲያንኳኳ ራሱ ኦይቻ ከፈተለት። ኦይቻ ሸብቷል። ዋገሾ ስለ ወንዙም ስለ ቤቱም ማንሣት አቃተው። "እናትህን ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናህ" አለና እንባው ቀደመው።

ኦይቻ ትክ ብሎ አየው። "እኔማ ጸንቻለሁ፤ ያልጸናኸው አንተ ነህ" አለ። "ያን ሰሞን ሰው ሁሉ መጥቶ ዓይኔ በር በሩን ያይ ነበር። ተቀይሜህ ነበር፣ አልዋሽህም። ሞቶስ እንደሆነ እያልኩም ስሰጋ ኖሬያለሁ። ግባ!"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ዋገሾ ጭንቀቱን ነገረው። ኦይቻ በየጊዜው የመጡትን የአገር ልጆች ሁሉ ቢቆጥር አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

"ጎረቤቶችህስ?"

"አላውቃቸውም እኮ። ቋንቋቸውንም በቅጡ አልችልም።"

"ሸክም ምን ቋንቋ አለው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ። ሂድና አንኳኳ!"

ዋገሾ እንደተመለሰ የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። መረቡን ሲጠግን የነበረ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ወጣ። ዋገሾ በተሰባበረ ቋንቋ "ቤቴን እንድትሸከሙልኝ ነው" አለው። ሽማግሌው ሳቀ። ከዚያ ወንዙን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ሳቁንም ተወ።

"ሃያ ዓመት በደጄ ስታልፍ አንገትህን ደፍተህ ነው" አለ። "የናቅኸን ይመስለን ነበር። ለመሆኑ ስምህ ማን ነው?"

"ዋገሾ።"

ሽማግሌው መንገድ ላይ ወጥቶ "ዋገሾ ሰው ይፈልጋል!" እያለ በየበሩ ተጣራ።

በማግስቱ ጠዋት የመጣውን ሕዝብ ብታዩ! ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ፣ አስተማሪው ከነመነጽሩ፣ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ከነልጆቻቸው መጡ። ስልሳ ሲጠበቅ መቶ ሰው ተገኘ። ኦይቻ አግዳሚ እንጨቶችን በግድግዳው ዙሪያ አሳሰረ። ግማሹ ሰው ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ቆመ። ኦይቻ በአገሩ ዜማ አወጣ፤ የአገሩ ልጆች "ሆ!" ብለው ተቀበሉ። ባዕዶቹም ትርጉሙን ሳያውቁ "ሆ!" አሉ። ቤቱም ከመሬት ተነሣ።

እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ጎበዝ! ያ ትልቅ ቤት ሁለት መቶ እግር አውጥቶ ከጀርባው ያለውን ዳገት ወጣ። የሚንጫጩት ሕፃናት እንኳ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዋገሾ ከውስጥ ሆኖ ተሸክሟል፤ በቀኙ ኦይቻ፣ በግራው ሽማግሌው ነበሩ። የቤቱን ክብደት በትከሻው ላይ ቢፈልገው አጣው።

ቤቱ ዳገቱ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ዞሮ ወደ ታች አየ። ቤቱ የነበረበት መሬት ቀስ ብሎ ተሰነጠቀና ወንዙ ውስጥ ገባ። ዋገሾ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ሚስቱ ሕዝቡን አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሃያ ዓመት የት ደብቀኸው ኖርክ?" አለችው።

ወዳጆቼ፣ በሰው አገር ብቸኝነት የሚበረታብን ብዙ ጊዜ ሰው ጠፍቶ አይደለም። የድሮውን ወዳጅ "ዘገየሁበት" ብለን እንሸሸዋለን፤ ጎረቤቱን ደግሞ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ "ባዕድ ነው" እንላለን። ዘግይቶ የደረሰ ወዳጅ ጨርሶ ከቀረ ይሻላል። ስሙን የነገራችሁ ሰውም ከዚያች ቀን ጀምሮ ባዕድ አይደለም። ይህን ስታነቡ ፊታችሁ ላይ ድቅን ያለው ሰው ማን ነው? በሉ፣ ሳይመሽ እሱ ጋ ሂዱ።