ሐረጎ ላይ የዘለለችው ጠቋሚ

ደሴዎች መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን አባባል «የእኛ ናት» ሲሉ ብትሰሙ እንዳታምኗቸው። የተወለደችው እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ይመር ጋራዥ ውስጥ ነው። እኔ በያጁ ሙሄ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ በዚሁ ዓይኔ አይቻለሁ።

አበጋዝ የሐጂ እንድሪስን አሮጌ የጭነት መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም። አንድ ቀን ሐጂ ራሳቸው ጋቢና ተቀምጠው ከደሴ ሲወርዱ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ዓይናቸው የፍጥነት መለኪያው ላይ ዐረፈ። ጠቋሚዋ ሃያ ላይ ቆየችና ዘጠና ገባች! ተመለሰች፤ ደግማ ዘለለች። ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ሐጂ ከጋቢናው ዘለው ወረዱ።

«ቁልፉን አምጣ!» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሐረጎን በዘጠና የሚወርድ ሹፌር አልፈልግም!»

«ኧረ ሐጂ! በሁለተኛ ማርሽ እኮ ነው የወረድኩት። አህያ ቀድማናለች!»

«ታዲያ መለኪያው ይዋሻል?»

አበጋዝ ቁልፉን ጨብጦ ወደ ጋሽ ይመር ዞረ። የጨነቀው ለእንጀራው ብቻ አይምሰላችሁ። በዚያ መንገድ አንዴ «በራሪ ነው» የተባለን ሹፌር ጭነት የሚያምነው የለም፤ የሃያ ሁለት ዓመት ስሙ ነው ገደል ሊገባ የነበረው።

እኔም አላስችል አለኝና «መለኪያው አርጅቶ ነው፣ ቀይሩት» አልኩ። በያጅ መካኒክ ልሁን ሲል እንዲህ ነው። ከሌላ መኪና ተፈቶ ተገጠመ፤ ዞር ዞር ብለው ሲመለሱ አዲሱም ያው ዘላይ ሆነ።

«ይኸው!» አሉ ሐጂ። «አንድ ምስክር ቢዋሽ ሁለተኛውም ይዋሻል?»

አይ የእኔ ነገር! ልረዳው ብዬ ሰውዬውን ጭራሽ ቀበርኩት።

ይሄኔ ጋሽ ይመር ተነሱ። መለኪያውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ካርቶን አንጥፈው መኪናው ሥር ገቡ፤ ከካምቢዮው ወደ መለኪያው የሚወጣውን ኬብል ፈትተው አወጡና መሬት ላይ ዘረጉት።

«ሐጂ፣ ይቺን ጫፍ በጣትዎ ያሽከርክሩልኝ።»

ሐጂ አሽከረከሩ። ወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ዞረና ቆመ፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ድንገት ተስፈንጥሮ ዞረ።

«ያዘኝ... ኧረ አመለጠኝ!» አሉ።

«ጠቋሚዋም እንዲሁ ነው የሆነችው» አሉ ጋሽ ይመር። «ኬብሉ ታጥፏል። ሲይዛት ትቆማለች፣ ሲለቃት ትዘላለች። አበጋዝ በሃያም ቢነዳ እሷ ዘጠና ትላለች።»

ከዚያ ኬብሉን በመንገዱ መልሰው ሲለኩት፣ እጥፋቱ ልክ ጋቢና ውስጥ ካለው የቴፕ ማጫወቻ የእንጨት ሣጥን ሥር ወደቀ፤ ሣጥኑ ተጭኖት ኖሯል። ሐጂ በቅርቡ በልጃቸው ሠርግ ጊዜ መንገዱን ሁሉ መንዙማ እየሰሙ ሊሄዱ ብለው በገዛ መዶሻቸው በምስማር የመቱት ሣጥን ነው። ሁላችንም እናውቃለን። አበጋዝም ያውቃል፤ ግን ጌታውን በሰው ፊት ላለማሳፈር ትንፍሽ አላለም። በዚያች ሰዓት በዚህ ሰው ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

«ሣጥኑን በምስማር የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ ራሳቸው። «አበጋዝ፣ በድዬሃለሁና አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ ሐጂ። ግን የተሰደብኩት በሰው ፊት ነውና፣ ይህንኑ መናኸሪያው ላይ ይበሉልኝ።»

አሉለት! ሹፌር ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመው «ሐረጎን እንደ አበጋዝ ተጠንቅቆ የሚወርድ የለም» አሉ። አበጋዝ ደረቱን ነፍቶ ሰማ። ጋራዡ ስንመለስ፣ ተከትሎን የመጣ አንድ ሹፌር ወደ ጋሽ ይመር ዞሮ «ለመሆኑ መለኪያውን ሳይነኩ እንዴት አወቁት?» ቢላቸው፣ ጋሽ ይመር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ የሚዘለውን አትክሰስ፣ ከሚያዘልለው ሳትደርስ» አሉት።