ሰባት ክረምት የሚያስተኛው ቅባት

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ እንጂ እኔ ምላስ አላጣም።

ድሮ፣ ግድግዳ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት ዶሮ ነበረች። ሰኔ ሲገባ ስምንት እንቁላል ታቅፋ ተቀመጠች። የቤቷ ግድግዳ ግን ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃ የነካውና የቀዘቀዘ እንቁላል ደግሞ ጫጩት አይሆንም፤ ይህንን ዶሮ ሁሉ ያውቃል።

«እመት ዶሮ፣» አላት ግድግዳው፣ «ክረምቱ መጣ። ጭቃ አቡኪልኝ፣ የጤፍ ጭድ ጨምሪበት፣ ሳምንት ይቡካና ምረጊኝ።»

ጎረቤቶቿም ጭቃውን በደቦ ሊረግጡላት መጡ። ይሄኔ አያ ጥንቸል አንድ ቅል ቅባት አንጠልጥሎ በደጇ አለፈ።

«የግድግዳ ቅባት! ዝናብ አያስገባም! አንዴ ቀቢ፣ ሰባት ክረምት ተኚ! ጭቃ የለ፣ ጭድ የለ፣ ደቦ የለ!»

ዶሮ አሰበች። ለደቦው ንፍሮ መቀቀል አለ፤ ጠላ መጥመቅ አለ፤ ሳምንት ሙሉ መጠበቅ አለ። «በሉ ወደየቤታችሁ፣» ብላ ጎረቤቶቿን አሰናበተች። እነሱም ተቀይመው ሄዱ። እሷ አንድ ቁና ማሽላ ሰጥታ ቅሉን ገዛች። አይ ዶሮ!

ስትቀባው ግድግዳው፣ «ምንድን ነው ይሄ? ያሳክከኛል፣» አለ።

«ቻለው፣» አለችው።

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ውሃው ገባ። ዶሮ እንቁላሎቹን ወደ ደረቁ ጥግ አንከባልላ፣ እየሮጠች አያ ጥንቸል ዘንድ ሄደች።

«አያ ጥንቸል፣ ቅባትህ ዝናብ ያስገባል።»

«እንዴት ነው የቀባሽው?»

«ከላይ ወደ ታች።»

«ይኸውልሽ! ከታች ወደ ላይ ነው እኮ የሚቀባው።»

ተመልሳ ከታች ወደ ላይ ቀባች። ሁለተኛው ዝናብ ጣለ። ውሃው ገባ። ዶሮ እየሮጠች ሄደች።

«አያ ጥንቸል፣ ከታች ወደ ላይም ቀባሁት፤ አሁንም ያስገባል።»

«ስትቀቢው ግድግዳሽ ምን ይል ነበር?»

«ያጉረመርም ነበር።»

«በቃ! የሚያጉረመርም ግድግዳ ቅባት አይዝም።» የዚህን ጥንቸል ጆሮ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ረዝሞ አቤቱታ ግን አይገባበትም።

ዶሮ ቤቷ ገብታ ግድግዳውን ለመነችው። «እባክህ፣ ለልጆቼ ስትል ዝም በልልኝ።»

«እኔ ዝም ብል ዝናቡ ዝም ይላል?» አላት።

ዝናቡም ዝም አላለም። በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወረደና የግድግዳው ግማሽ ተናደ። ዶሮ ስምንቱን እንቁላሎች ቅርጫት ውስጥ ከታ፣ በክንፏ ሸፍና፣ እየተንቀጠቀጠች የአያ ጥንቸልን በር ገፍታ ገባች።

«ቤቴ ፈረሰ!»

ያ ዓይኑን በጨው የታጠበ ጥንቸል ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ዝናብ አያስገባም ያልኩሽ እኮ ለበጋ ነው።»

ዶሮ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ግን አንድ ነገር አየች። ውጭ ዶፉ ይወርዳል፤ እዚህ ውስጥ ጠብታ የለም። የጥንቸል ልጆች በደረቅ ሣር ላይ ያንኮራፋሉ። ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ግድግዳ፣ ምን ተቀብተህ ነው?»

«እኔ?» አለ የጥንቸል ግድግዳ፣ እየኮራ። «ጭቃ ነኛ! የጤፍ ጭድ የገባብኝ፣ ሁለት ሳምንት የቦካሁ፣ በደቦ የተረገጥኩ።»

ዶሮ ወደ ጥንቸል ዞረች። «የራስህን ቅባት ለምን አልቀባኸውም?»

«ምን ነካሽ!» አለ ጥንቸል፣ ሳያስበው። «እኔ እኮ ልጆች አሉኝ።»

ዶሮ በጣም ተናደደች። ቅርጫቷን ወደ ምድጃው ዳር አስጠጋች፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ ታቀፈቻቸውና ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጥንቸል።

«እነዚህም ልጆች ናቸው፣» አለችው።

ሊያስነሳት ቀረበ፤ አፍንጫውን ነቆረችው። ሊያባብላት ሞከረ፤ ደገመችው። ልጆቹ እንቁላሎቹን ከበው፣ «አባባ፣ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?» ሲሉት ወዴት ይሂድ? እስኪፈለፈሉ ድረስ እሷ ምድጃ ዳር፣ እሱ በር ሥር ተኙ። ስምንቱም ወጡ፤ አንድም አልጎደለ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ዶሮ፣ ነጋዴ ዕቃውን ሲያሞጋግስ አትሰማም፤ «መጀመሪያ ቤትህን አሳየኝ፣» ትላለች። እናንተም ልብ በሉ፦ ሻጭ የሚያሳያችሁ ቅሉን ነው፤ እናንተ ግድግዳውን እዩ።