ባትሪው ሲደክም የጨረስኩት ዜና

በእኛ አገር ሰው ተቻኩሎ በሌላው ላይ ሲፈርድ የሚተረትበት አንድ አባባል አለ። ልጆቼ፣ እናንተ ስትሰሙት ትስቃላችሁ፤ እኔ አቀረቅራለሁ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ስለጠፋ እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ። ዛሬ ግን ዕድሜዬም ገፋ፣ የማፍራቸው እኩዮቼም አለቁ፤ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተተረተው በእኔ ላይ ነው።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ዝግባ አምባ የምትባለው መንደራችን ከጥቁሬ ወንዝ ወዲህ ናት፤ ገበያውና ክሊኒኩ ወዲያ ማዶ። ጥቁሬ በበጋ ቁርጭምጭሚት አታርስም፤ ክረምት ሲገባ ግን በሬ ትወስዳለች። አንድ ሐምሌ ላይ ምጥ የጠናባትን የአጎቴን ልጅ በቃሬዛ ተሸክመን ብንወርድ ውሃው አላሳልፍ አለን፤ እዚያው ዳር ወለደች። እግዜር ረድቶን ሁለቱም ተረፉ፤ ልጁም ዳርጌ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ጸሎት አንድ ብቻ ሆነ፤ ድልድይ። አቶ ልሳነወርቅን እንደራሴ አድርገን ወደ ፓርላማ የላክናቸውም ለዚሁ ነው። ስማቸው ልሳነወርቅ ይባል እንጂ ንግግር አይሆንላቸውም ነበር፤ አንዲት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እኔ ደግሞ የሁለት ቀፎ ማር ሸጬ ሬዲዮ የገዛሁ ጎልማሳ ነበርኩ። በመንደሩ ሌላ ሬዲዮ የለም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዝግባው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰው ይከበዋል። የዜናው አማርኛ የቢሮ አማርኛ ስለሆነ እኔ፣ አራተኛ ክፍል የደረስኩት ሊቅ፣ አብራራለሁ። ችግሩ የባትሪ ድንጋይ ነበር። አዲሱ የሚገኘው ማዶ ከተማ ነው፤ ስለዚህ ሲደክም አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ግን የዜናውን ራስ እንጂ ጅራቱን አያደርስም። መሃል ላይ ክርርር ብሎ ዝም ሲል ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም ቀሪውን ከሆዴ እጨርሳለሁ። ሬዲዮው ሲደክም እኔ እበረታ ነበር።

ይህን የማይወዱልኝ አክስቴ እትዬ ዘርትሁን ብቻ ነበሩ። ከዳር ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ "አሁን ያልከው ሣጥኑ ያለው ነው፣ ወይስ አንተ ያልከው?" ይሉኛል።

"እትዬ፣ ያው አንድ ነው" እላለሁ።

ታዲያ ምርጫ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ እሑድ ዜናው እንዲህ አለ፦ "በጥቁሬ ወንዝ ላይ ስለሚሠራው ድልድይ ለምክር ቤቱ የቀረበውን ዕቅድ የዝግባ አምባው እንደራሴ አቶ ልሳነወርቅ አጥብቀው ተቃወሙ። እንደራሴው በሰጡት ማብራሪያ..." ክርርር። ጸጥ።

ሰዉ ደነገጠ። "ምን አሉ? ምን ብለው ተቃወሙ?" አሉኝ።

ባላውቅ ምናለበት! ግን ሬዲዮ ያለው ሰው አላውቅም ማለት ያፍራል። "ምን ይላሉ!" አልኩ፣ ተነሥቼ። "'ያገሬ ሰው ድልድይ ምን ያደርግለታል፣ ዋና ይማር' ነው ያሉት።"

ቀልዴን ነበር። ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሌላው ግን አልሳቀም።

"ከዚያስ?" አሉ እትዬ ዘርትሁን። "ሣጥኑ አልጨረሰም እኮ!"

"ለእኛ የሚሆነውን ጨርሷል፣ እትዬ።"

በሳምንቱ ገበያ ስወርድ አንድ የማላውቀው የጨው ነጋዴ የዝግባ አምባ ሰው መሆኔን ሰምቶ ያዘኝ።

"አንተ፣ የእንደራሴያችሁን ነገር ሰምተሃል? ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን እንዲህ እንዲህ እያደረጉ ዋና አሳዩ አሉ! ፓርላማው በሳቅ ፈረሰ!"

"ማን ነገረህ?"

"አገር ሁሉ የሚያወራውን ማን ነገረህ ይባላል?"

እዚህ ላይ ነው፣ ልጆቼ፣ የእኔ ጅልነት የተገለጠው። ያ ወሬ የገዛ ቀልዴ ነበር፤ ጢም አብቅሎ ስለመጣ ግን አላወቅሁትም። ደሜ ፈላ። "ለካ እውነት ነው!" ብዬ ገበያዬን ትቼ ተመለስኩና ለመንደሩ ሁሉ ከእጅ እንቅስቃሴው ጋር አወራሁ።

አቶ ልሳነወርቅ ለምርጫው ሲመጡ ታዲያ ከበቅሎ የሚያወርዳቸው እንኳ አጡ። አንዱ ከአጥር ጀርባ፣ "እንኳን በደህና ዋኝተው መጡ!" አለ። ሌላው፣ "በቅሎዋም ለምዳለች?" ብሎ ጨመረ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ከዝግባው ሥር ቆሙ፤ አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሁለተኛ ጠረጉ፣ ሦስተኛ ጠረጉና፣ "ወገኖቼ፣ እኔ የተቃወምኩት..." ሲሉ እኔ ከመሃል ብድግ አልኩ።

"በሬዲዮ ሰምተናል!" አልኩ።

"እሱማ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ግን ምክንያቱን..."

"ምክንያቱንም ሰምተናል! ዋና ነው!"

ሰዉ አጨበጨበ። እትዬ ዘርትሁን እንዝርታቸውን አቁመው፣ "እስቲ ሰውየው ይጨርስ! ዘንድሮ የሚጨርስ ሰው ጠፋ እንዴ?" ቢሉ ማን ይስማቸው! አቶ ልሳነወርቅ አንገታቸውን ደፍተው በመጡበት በቅሎ ሄዱ። እኛም ቀኛዝማች አስግድን መረጥን። ቀኛዝማች ከእኛ ግማሽ ቀን ቁልቁል፣ ሸንበቆ ሜዳ የሚባል ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰው ናቸው። ለምን እንደራሴ መሆን እንዳማራቸው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ድልድዩ በዓመቱ ተሠራ፤ የተሠራው ግን ሸንበቆ ሜዳ፣ ከቀኛዝማች ጎተራ ደጃፍ ላይ። ሰዉ ሲያጉረመርም ተንታኙ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ልሳነወርቅ ባይቃወም ኖሮ እዚህ ይሠራልን ነበር" አልኩ። ይህንንም አመኑኝ።

ቀጥሎ በመጣው ክረምት ፓርላማው ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው የባትሪ ድንጋዬ ሞተ። ፀሐይ እንዳላሰጣው ሰማዩ ደመና ነው። አዲሱ እንደራሴያችን ስለ እኛ አንዲት ቃል ይናገሩ እንደሆን መስማት አለብኝ፤ ዜና ሳላወራለት ሦስት እሑድ ያለፈው ሰው ደግሞ ሰላምታውን ማሳጠር ጀምሯል። ስለዚህ ከተማ ወርጄ ልገዛ፣ ድንጋዩንም እዚያው ልሞክረው ብዬ ሬዲዮውን በነጠላ አናቴ ላይ አሰርኩና ወደ ጥቁሬ ወረድኩ።

እትዬ ዘርትሁን ከዳር እንጨት ሲለቅሙ አዩኝ። "ምንይችል፣ ሞልታለች! ዙረህ በድልድዩ ሂድ!"

"ለሁለት የባትሪ ድንጋይ ቀን ሙሉ ልዙር?"

"ዋና ትችላለህ?"

"እየገባሁ እማራለሁ!" አልኩ።

አልተማርኩም። አራተኛው እርምጃ ላይ ጥቁሬ እግሬን ከመሬት አነሣችው። ነጠላው ተፈታና ሬዲዮው ቀድሞኝ ሄደ፤ ከመንደራችን በዚያ ክረምት እስከ ድልድዩ የደረሰ እሱ ብቻ ነው፣ እሱም በሥሩ። እኔ ውሃ እየጠጣሁ፣ የእትዬ ዘርትሁንን ጩኸት እየሰማሁ፣ የወንዙ መታጠፊያ ላይ ከወደቀ ግራር ጋር ተጋጨሁና ሙጭጭ አልኩ። ከላይ ካለው ማሳ ሲያርም የነበረ አንድ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ወረደ፣ ጠፍር ወረወረልኝ፣ ጎትቶም አወጣኝ። ቀና ብዬ ባይ፣ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ምክር ቤቱን ካጡ ወዲህ ወደ እርሻቸው ተመልሰው ነበር።

በሆዴ ተደፍቼ ውሃውን ሳስወጣ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። አልሰደቡኝም። ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ። እኔ መናገር አልችልም፤ ባፌም በአፍንጫዬም ጥቁሬ ትወጣለች። እኒያን ሰው ሳላቋርጥ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ምንይችል" አሉ፣ "እኔ የተቃወምኩት ድልድዩን አልነበረም። ዕቅዱ ድልድዩ ሸንበቆ ሜዳ ይሠራ የሚል ነበር። 'ሰዉ የሚሻገረው በዝግባ አምባ ነው፤ ሴት ወንዝ ዳር የወለደችው እዚህ ነው፤ እዚያ ቢሠራ የሚሻገረው የቀኛዝማች እህል ብቻ ነው' ብዬ ተቃወምኩ። ያን ጊዜ ዕቅዱ ቀርቶም ነበር።"

ቀርቶ ነበር! የቀረውን ዕቅድ በገዛ እጃችን መርጠን መለስነው። ጭቃው ላይ ተኝቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ የውሃው መስሏቸው ጀርባዬን ይመቱልኛል።

ይህን ጊዜ እትዬ ዘርትሁን እያለከለኩ ደረሱ። ነፍሴ መኖሯን አዩ፣ "ተመስገን" አሉ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ከዚያ እኔን፣ ጠፍሩን የያዙትን አቶ ልሳነወርቅንና ሞልታ የምትጋልበውን ጥቁሬን ተራ በተራ አዩና፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ እንዲህ አሉ፦ "በግማሽ ወሬ የፈረደ፣ በሙሉ ወንዝ ተወሰደ።"