ከላይ ወደ ታች የተከደነው ጎጆ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ወሬያችሁን አቁሙ። ተረት ልጀምር ነው።

በድሮ ዘመን፣ አራዊት እንደ ሰው ሲናገሩ፣ ሣርና ዝናብም አፍ አውጥተው ሲጨቃጨቁ፣ እመት ቆቅ የምትባል ወፍ በአንድ ኮረብታ ሥር ጎጆ ነበራት። ባሏን ጭልፊት ከወሰደባት ወዲህ የቀራት ነገር ቢኖር ያቺ ጎጆና የታቀፈቻቸው እንቁላሎች ብቻ ነበሩ።

አንድ የግንቦት ቀን አሮጌው የሣር ክዳን ከላይ ሆኖ ተናገረ።

«እመት ቆቅ፣ እኔ ከእንግዲህ አልችልም። በስብሻለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ክዳን አሠሪ። እንቁላሎችሽ ከረጠቡ አይፈለፈሉም፤ ኋላ እኔን እንዳትወቅሺ።»

እመት ቆቅ ደነገጠች። እንቁላል የታቀፈች ወፍ ቤት ከዳኝ ስታፈላልግ አትውልም፤ ከተነሣች እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ እዚያው እንደተቀመጠች በደጇ ለሚያልፈው ሁሉ «ደህና ቤት ከዳኝ የምታውቁ» እያለች ትጠይቅ ጀመር።

መጀመሪያ የደረሰው አያ ቁራ ነው። ጎጆዋን ዞረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደግነቱ ወደ እኔ መጣሽ» አላት፤ የመጣው ግን እሱ ነበር። «በዚህ አገር እኔ ያልከደንኩት ቤት የለም።»

«ዋስ አለህ ወይ?» አለችው። ዋስ ሳይጠሩ ሥራ መስጠት በዚያ አገር ነውር ነው።

«ዋሴ አያ ዝንጀሮ ነው።»

ዝንጀሮ ተጠርቶ መጣ። «ለቁራ ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ደረቱን እየመታ።

«ለአንተስ ዋስህ ማነው?»

«ለእኔማ አያ ቀበሮ አለ።»

ቀበሮ ተጠርቶ መጣ። «ለዝንጀሮ ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ጭራውን እያስተካከለ።

«ለአንተስ ዋስህ ማነው?»

«ለእኔማ አያ ቁራ አለ።»

እመት ቆቅ ደስ አላት። ይህን ሁሉ ዋስ ያሰለፈ ከዳኝ ከየት ይገኛል? አሮጌው ክዳን ብቻ ከላይ አጉረመረመ።

«ቆይ እስቲ፤ ቁራ ዝንጀሮ ላይ ቆመ፣ ዝንጀሮ ቀበሮ ላይ ቆመ፣ ቀበሮ ቁራ ላይ ቆመ። መሬት የረገጠው የትኛው ነው?»

«አንተ ልትወርድ ስለሆነ ቀንተህ ነው» አለችው። በማግስቱም ሦስቱ አሮጌውን ክዳን አፍርሰው ጣሉት።

ሥራው የተጀመረው በድግስ ነው። በዚያ አገር ቤት የሚከድን ጦሙን አይውልም፤ እመት ቆቅ እንደታቀፈች ለክረምት ያስቀመጠችውን እህል አስወጥታ ጋበዘቻቸው። ሦስቱ በሉ፣ ጠጡ፣ እርስ በርስ ተመሰጋገኑ። ከዚያ ቁራ ብድግ አለና ከሁሉ አስቀድሞ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ጉልላት አናቱ ላይ ሰካ። ከጉልላቱ ሥር ጀምሮም ሣሩን ወደ ታች ይደረድር ገባ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ «አቤት ጉልላት» ይላል። እመት ቆቅ ከውስጥ ሆና ስትሰማ በኩራት ታብጣለች።

በዚያ መሐል አያ ጃርት በደጅ አለፈ። ጃርትም ቤት ከዳኝ ነው፤ ግን አፉም እንደ ጀርባው ስለሚዋጋ ደፍሮ የሚጠራው የለም።

«አያ ቁራ» አለ፣ «ሣር የሚደረደረው ከታዛው ተነሥቶ ወደ ላይ ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲደረብ። አንተ ከላይ ወደ ታች የምትወርደው ውሃው ሽቅብ ሊሄድልህ ቃል ገብቶልህ ነው?»

«ይሄ አዲስ አሠራር ነው» አለ ቁራ። ዝንጀሮና ቀበሮ ሳቁ። እመት ቆቅም «በሰው ድግስ ላይ እንዲህ አይባልም፣ አያ ጃርት» ብላ ገሠጸችው። ጃርት እሾሁን አራግፎ መንገዱን ቀጠለ።

ሥራው አለቀ። ጎጆዋን ሁሉም ከውጭ ያያል፤ ከውስጥ የምታየው እመት ቆቅ ብቻ ናት። ቀና ስትል በሣሩ መካከል ብርሃን ያጮልቃል።

«አያ ቁራ፣ ያ ብርሃን ምንድን ነው?»

«የአየር መግቢያ ነው። እንቁላል አየር ይወዳል።»

«አያ ዝንጀሮ፣ ያ ብርሃን ምንድን ነው?»

«ሣሩ ሲረጥብ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ይደፈናል።»

«አያ ቀበሮ፣ ያ ብርሃን ምንድን ነው?»

ቀበሮ ፊቱን አጠቆረ። «እኔ በመካከል እያለሁ ትጠረጥሪያለሽ?»

እመት ቆቅ አፈረች። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ዓይን ያየውን አፍ እንዳይናገር ይከለክላል። «ኧረ ይቅርታ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» አለችና መርቃ ሸኘቻቸው።

ሰኔ ገባ። አንድ ጠዋት አንዲት ጠብታ በክዳኑ ሾልካ ዳር ላይ ያለችውን እንቁላል አረጠበቻት።

«ማነው?» አለች እመት ቆቅ።

«ካፊያ ነኝ። እኔ እንኳን የመጣሁት ለሰላምታ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ዶፍ ሰሞኑን ይመጣል» አላት።

ቁራን አስጠራች። «ጥፋቱ የሣሩ ነው፤ ሣሩን የመረጠው ዝንጀሮ ነው» አለ። ዝንጀሮን አስጠራች። «እኔ ዋስ የሆንኩት ለቁራ ጠባይ ነው እንጂ ለክዳኑ አይደለም፤ ቀበሮን ጠይቂ» አለ። ቀበሮን አስጠራች። «እኔ ዋስ የሆንኩት ለዝንጀሮ ነው፤ ዝንጀሮ ደግሞ ይኸው ደህና ነው፣ አያፈስም። ቁራን ጠይቂ» አለ።

እመት ቆቅ ያቺን እንቁላል ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ቀዝቅዛ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል ስል ልጆቼን ላጣ ነው» አለችና አለቀሰች። ከዚያም ጃርትን አስጠራችው።

ጃርት ገባና ቀና ብሎ አየ። «ጉልላትሽ ያምራል» አለ።

«እሱን ተወውና፣ ዋስ አለህ?» አለችው፤ ልማድ ሆኖባት።

«የለኝም። ቤት ከድኜ ስጨርስ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪያባራ ከሥሩ ቁጭ እላለሁ። ካፈሰሰ አብሬሽ እረጥባለሁ።»

«ጀምር» አለችው።

ጃርት እንቁላሎቹ ባሉበት በኩል የቁራን ሣር አነሣና ከታዛው ተነሥቶ ሽቅብ ይከድን ጀመር። ያን በኩል እንደጨረሰ ቁራ፣ ዝንጀሮና ቀበሮ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሽማግሌ ሆነው ደረሱ። የሚያስታርቁት ግን ራሳቸውን ነው።

«እመት ቆቅ፣ የቁራን ስም አታጥፊ» አሉ። «ክዳኑ ከፈረሰ እኛ ዋሶቹም እንዋረዳለን። ስለ እኛ ብለሽ ጃርትን አስቁሚው።»

እመት ቆቅ እንደታቀፈች አንገቷን ደፋ አደረገች። «ሽማግሌማ ቆሞ አይነጋገርም። ግቡ፤ እዚያ ጉልላቱ ሥር፣ የክብር ቦታው ላይ ተቀመጡ።»

ጃርት ቀድሞ ከእንቁላሎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ሦስቱ ግን ቀና ብለው ብርሃኑን አዩ፤ እርስ በርስም ተያዩ። እምቢ እንዳይሉ ራሳቸው የከደኑት ነው። ይሉኝታ ያዛቸውና ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ ዶፍ መጣ። ጎጆዋን እየደበደበ ጠየቀ።

«የዚህ ቤት ከዳኝ ማነው? ዋሱስ ማነው?»

ቁራ ላባው ከገላው ተጣብቆ «እኔ እንኳን በእንግድነት ነው የመጣሁት» አለና ወጣ። ዝንጀሮ ጋቢውን እየጨመቀ «እኔ ቁራን ብዙም አላውቀው» አለና ወጣ። ቀበሮም «እኔ ዝንጀሮን ከነጭራሹ አላውቀውም» አለና ተከተላቸው።

«በዚህ በኩል ያለውን የከደንኩት እኔ ነኝ» አለ ጃርት ከተቀመጠበት። «ከቻልክ ግባ።»

ዶፍ ሞከረ። ሣሩ ላይ ተንሸራተተና በታዛው በኩል ወደ መሬት ወረደ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ጃርት የቀረውን ከደነ። ጫጩቶቹም ተራ በተራ ተፈለፈሉ። ያቺ ካፊያ ያገኛት እንቁላል ግን አልተፈለፈለችም። እመት ቆቅ ሌሎቹ ጫጩቶች በዙሪያዋ እየሮጡ እሷን ብዙ ጊዜ ታቅፋት ቆየች። ጃርትም እሾሁን አስተኝቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

ተረቴን ጨረስኩ። ቤት የምታስከድኑ ሁሉ፣ ከዳኙ ስንት ዋስ እንዳለው ሳይሆን ዝናብ ሲጥል ከክዳኑ ሥር አብሯችሁ ይቀመጥ እንደሆነ ጠይቁት። ይሉኝታችሁን ደግሞ ደጅ አሳድሩት፤ እሱ ቢረጥብ ምንም አይሆንም።