አንድ ቁልፍና ሁለት ፓውዛ

በአንድ ወቅት፣ ጉም ከገደል ተነሥቶ መንገድ ላይ በሚተኛበት ደጋ አገር፣ አቶ ደምሰው የሚባሉ አሮጌ ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም መንዳት ተዉ። ፒካፓቸው ግን ግቢ ውስጥ ቆማ ሦስት ልጆቻቸውን ታጣላ ነበር።

ትልቁ ላቀው የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው፤ ፒካፗን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ መሥራት ይፈልጋል። መካከለኛው ማንያዘዋል ሾፌር ነው፤ ከመሪ በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ታናሺቱ እታገኝ የቤቱን ድንች ገበያ ታወርዳለች። ጭነቱ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ስትሄድም ወርዳ መንገድ የምታሳየው እሷ ናት። ስፖንዳውን፣ የጭነቱን የጎን ብረት፣ በመዳፏ ሁለት ጊዜ ስትመታ «ና» ማለቷ ነው፤ አንድ ጊዜ ስትመታ «ቁም»። ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው።

አቶ ደምሰው ማታ ማታ ቁልፉን ተቀብለው ትራሳቸው ሥር ያደርጉታል። «ሁለት ሰው የያዘው መሪ ገደል ይገባል» ይላሉ። «አንድ ቀን ለአንዳችሁ እሰጠዋለሁ።» ለማን እንደሆነ ግን አይናገሩም። መናገር ይፈሩ ነበር፤ ምክንያቱም ሦስቱም በየፊናቸው «ለሌላው ከሰጡ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» ብለው ምለዋል።

አንድ ቀን ላቀው ማንንም ሳያስፈቅድ ከፒካፗ ኋላ ሁለት ትልልቅ ፓውዛዎች ገጠመ። የድሮው የኋላ መብራት ከጧፍ አይሻልም ነበር። መከላከያ ብረቱን በስቶ፣ ሽቦውን በወለሉ ሥር አሳልፎ፣ ማብሪያውን ከመሪው አጠገብ አደረገው።

አባትየው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «መኪናዬን ወንፊት አደረግሃት!»

ማንያዘዋል ወደ ወንድሙ ዞሮ ሳቀ። «ጋሼ፣ ወደ ኋላ ልንሄድ ነው ወይስ ሙሽራ ልናጅብ?»

«አንድ ቀን ትመርቀኛለህ» አለ ላቀው።

«ጉም ውስጥ ሞክረኸዋል?» አለች እታገኝ።

ላቀው መፍቻዎቹን ሰበሰበ። አልሞከረውም ነበር።

ክረምቱ ሲበረታ የአቶ ደምሰው አስም ተነሣ። ደረታቸው ይፏጭ ጀመር። ጤና ጣቢያው ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ማንያዘዋል አባቱን ጋቢና አስቀመጠ፤ ላቀውና እታገኝ ከኋላ ተሳፈሩ። አስፋልቱ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ ማንያዘዋል ወደ አሮጌው የጠጠር መንገድ ታጠፈ።

እታገኝ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበች። «በዝናብ በዚህ አይኬድም!»

«በአስፋልት ከዞርን አባባ አይደርሱም!»

መንገዱ ጠባብ ነው። በሾፌሩ በኩል ዐለት፣ በአባትየው በኩል ገደል። ጉሙ ከታች እየወጣ መጥቶ ገና በቀን አጨለመው። መሐል ሲደርሱ ናዳ መንገዱን ዘግቶት አገኙት። መዞሪያ የለም። ያለፉትን ሰፊ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ሽቅብ ወደ ኋላ መሄድ አለባቸው። አቶ ደምሰው ደግሞ አንዱን ትንፋሽ ጨርሰው ሌላውን እስኪያገኙ ይቆዩ ነበር።

ማንያዘዋል ኋላውን ለማየት በሩን ገርበብ አድርጎ ፓውዛዎቹን አበራ። ጉሙ እንደ ኖራ ግድግዳ ነጣ። መንገዱም ገደሉም ጠፋ።

«ጋሼ፣ ዕውር አደረግኸኝ!»

«እንዳታጠፋው!» ብሎ ላቀው ከላይ ዘለለ።

ላቀው አንዱን ፓውዛ በጃኬቱ ሸፈነ። ሌላውን ከብረቱ ነቅሎ፣ ሽቦው ሳይበጠስ፣ ዝቅ አድርጎ መሬት ለመሬት ያዘው። ያኔ ብርሃኑ ከጉሙ ሥር ገብቶ ጠጠሩን አሳየ። ፓውዛው እየጋለ እጁን ለበለበው፤ አለቀቀውም። ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ኋላ ኋላ ያፈገፍግ ነበር። ቢደናቀፍ ጎማው ላዩ ላይ ነው።

እታገኝ በገደሉ በኩል ቆመች። ብርሃኑ የመንገዱን ፊት እንጂ ከሥሩ ውኃ የበላውን አያሳይም። ስለዚህ ጫማዋን ጥላ ጠርዙን በእግሯ እየዳሰሰች ሄደች። ሁለት ምት። ትንሽ ሄዱ። ሁለት ምት። ድንገት መሬቱ ከእግሯ ሥር ሰመጠ። አንድ ጊዜ መታች። ወዲያው ግን ተንሸራተተችና እንዳትወድቅ ስፖንዳውን ቧ አድርጋ ያዘችው። ጋቢና የተሰማው ሁለት ምት ነው።

ማንያዘዋል ሁለት ምት ሰማ። ሁለት ምት «ና» ነው፤ እግሩም ነዳጅ መስጫው ላይ ነበር። ነገር ግን የቀኙን ስፖኪዮ አየ። በፓውዛው ብርሃን የእኅቱ መዳፍ እንደ ወትሮው አልተዘረጋም፤ ብረቱን ጨምድዶ ይዟል። ፍሬን ያዘ። የኋላው ጎማ ጠርዙ ላይ ቆመ። ጠጠር ወደ ገደሉ ሲንኮታኮት ሁሉም ሰሙ፤ ሲያርፍ ግን አልሰሙም። እታገኝ እንደምንም ራሷን ስባ ወጣች።

«ውረድ!» ብሎ ጮኸ ላቀው። «አባባን በአንተ በር እናውጣቸው!»

«የእጅ ፍሬኗ አይይዝም። እኔ ከወረድኩ ትሄዳለች።»

ማንያዘዋል ገርበብ ያለውን በር ዘጋው። መሪውን ወደ ዐለቱ ጠምዝዞ ነዳጅ ሰጠ። ጎማው ከጠርዙ ራቀ፤ በሩ ግን ከዐለቱ ጋር እየተፋጨ ተጨረማመተ። ከዚያ ወዲያ ልውጣ ቢል እንኳን መውጫ አልነበረውም።

ሰፊው ቦታ ላይ ዞረው በአስፋልቱ ሄዱ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የአቶ ደምሰው ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ በማግስቱ መናገር ቻሉ።

«ቁልፉን አምጡት» አሉ። «ዛሬ ልስጠውና ይውጣልኝ።»

ላቀው በፋሻ የታሰረ እጁን አሳየ። «ያለ ፓውዛዬ መዳፏን ማን ያይ ነበር?»

«ፓውዛህማ መንገዱ ደህና ነው ብሎ ነበር» አለች እታገኝ። «ባዶ መሆኑን የነገረን እግሬ ነው።»

«እጅሽስ ‹ና› አላለኝም?» አለ ማንያዘዋል። «እናንተ ውጭ ነበራችሁ። ብትገለበጥ ከአባባ ጋር የምሄደው እኔ ነበርኩ።»

«በዚያ መንገድ ያስገባን ማን ሆነና!» አለ ላቀው።

«ጉም ውስጥ ያልተሞከረ መብራት የገጠመውስ?» አለ ማንያዘዋል።

አቶ ደምሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ቁልፉን ወደ ላቀው ዘረጉ፤ ወደ እታገኝ አዞሩ፤ ወደ ማንያዘዋል መለሱ። መልሰው ጨበጡት።

«የኔ ዓይን ደክሟል» አሉ። «ያየ ይፍረድ።»

አሁን ነርሷ «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ብላለች። ውጭ ጉሙ እንደገና እየወጣ ነው፤ ሦስቱም ፒካፗ አጠገብ ቆመው የአባታቸውን እጅ ያያሉ። እኔ ደጋግሜ አስቤ አልቆረጠልኝም። እናንተ ግን መንገዱንም፣ ጠርዙንም፣ ጋቢናውንም አይታችኋል፤ ጉሙ ሳይዘጋባቸው ፍረዱ። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?